የምትጮህበት ቦታ እንቁላል የለም

ከወፍ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ ስል የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። ካርቱም በተዘጋችበት በዚያ የረመዳን መጨረሻ ሰው ሁሉ በወታደር ሲማረር፣ እኔ በወታደርም በወፍም ነበር የምማረረው። ሳቃችሁን ጨርሱና ልንገራችሁ፤ ነገሩ በወፍ ይጀምር እንጂ በወፍ አላለቀም።

ሩቅያ እባላለሁ፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የሐይቅ ልጅ ነኝ። አስረኛ ክፍል እንደጨረስኩ በመተማ አድርጌ ካርቱም ገባሁና ዐማራት በሚባለው፣ ጎዳናው ሁሉ በቁጥር በሚጠራው ሰፈር፣ ሐጃ በቱል የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀጠርኩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ገልፍ አገሮች ናቸው፤ በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ሐጃ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀለቤን አልከለከሉኝም፣ እጃቸውንም አላነሱብኝም። ግን ትዕዛዛቸው አያልቅም፤ የበሩንም ቁልፍ ከአንገታቸው አያወርዱም። "ሌባ በዝቷል" ይሉኛል። ሌባው ከውጭ ይሁን ከውስጥ ግን አይነግሩኝም።

ታናሽ እህቴን ሰዓዳን ያስመጣኋት እኔ ነኝ። የሰው ቤት አልሆንላት አለ። "የሰው ድስት ከማጥብ የራሴን ብርጭቆ ባጥብ ይሻለኛል" ብላ ሻይ ሻጭ ሆነች፤ እዚያ ሲት አሻይ ይሏቸዋል። ወታደር ሥልጣን ይልቀቅ የሚሉት ወጣቶች ከጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንነሳም ሲሉ ሰዓዳም ከሰሏንና በርጩማዎቿን ይዛ መሐላቸው ተተከለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ገበያዋ ከማታ ኢፍጣር እስከ ሌሊት ሱሁር ሆነ፤ የምትተኛው ቀን ነው። ተይ ብላት "ሩቅያ፣ እዚያ የሚጠራኝ ሁሉ እህቴ እያለ ነው፤ ማነው እንደዚያ ብሎ የሚጠራሽ አንቺን?" አለችኝ። ተናደድኩ።

አሁን ወደ ወፏ ልመለስ።

የሐጃ ቤት ለኤርፖርቱ ሜዳ ቅርብ ነው። ጣሪያው ዝርግ ሲሆን፣ ባላቸው ሌላ ፎቅ ሊያሠሩ ያስጫኑት ጠጠር እንደተዘረገፈ እዚያው ቀርቷል። የውሃው ታንከር ከሥሩ ያነባል፤ ከጎኑ የማይደርቅ ትንሽ ኩሬ ሠርቷል። ጠጠርና ኩሬ! ለውሃ ዳር ወፍ ከዚህ የተሻለ ቪላ ከየት ይመጣል? ረመዳን በገባ ሰሞን ባልና ሚስት ሆነው መጡና ጠጠሩን በደረታቸው ጎድጎድ አድርገው እንቁላል ጣሉ። እንቁላሉ ራሱ የጠጠር መልክ አለው፤ አፈርማ ሆኖ ጥቁር ነቁጥ ያለበት፣ ሹል ሹሉ ወደ ውስጥ ዞሮ የተደረደረ። የት እንዳለ ካላወቃችሁ ትረግጡታላችሁ።

ወፎቹ ከዶሮ ያንሳሉ፤ እግራቸው ግን ረጅምና ጥቁር ነው። ጀርባቸው የአሸዋ ቀለም፣ ጉንጫቸው ነጭ፤ አናታቸው ላይ ጥቁር ቆብ፣ ከአገጫቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ጥቁር አላቸው። ዓይናቸው ቀይ ነው። ክንፋቸው መታጠፊያ ላይ ደግሞ እሾህ የመሰለ ጥፍር በቅሏል፤ በዚያ ነው የሚዋጉት። ባልየውና ሚስትየው አይለዩም፤ እኔ የተቆጣውን ሁሉ "እሷ" እላለሁ።

ልብስ ላሰጣ ስወጣ ገና ከደረጃው አናቴ ብቅ ሲል "ቲክ! ቲክ! ቲክ!" ብላ ትነሣና ፊቴ ላይ ትወረወራለች። እኔ ባልዲ ይዤ ጎንበስ፣ እሷ ክንፏን እያጨበጨበች በአናቴ ላይ። አንድ ቀን በዚያ እሾኋ ግንባሬን ጫረችኝ። ሐጃ ደሙን አይተው ቢስቁ ቢስቁ አልበቃቸው አለ።

ዘመዶቿን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። አባቴ ገበሬም ዓሣ አጥማጅም ነው፤ ደንገል ሊያጭድ ወደ ባሕሩ ሲወርድ እከተለው ነበር። እንዲህ ያለች ወፍ ስትጮህ ልጅ ሁሉ እንቁላል ፍለጋ ወደ ጩኸቷ ይሮጣል። አባቴ ይስቅብናል። "ይቺ ውሸታም ናት" ይላል። "የምትጮህበት ቦታ እንቁላል የለም። ባዶ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የታቀፈች ትመስልሃለች፤ አትመናት። ድምፅ ሳታሰማ ሹልክ ያለችበትን ቦታ ነው ማየት።" ይህን ወሬ ላስታውሰው እያልኩ ሐይቅ ስደውል አባቴን አላገኘውም። እናቴ ናት የምታነሣው። አንዴ "መስጊድ ነው"፣ አንዴ "ባሕር ወርዷል"፣ አንዴ "ጆሮው ስልክ አልሰማ ብሎታል" ትለኛለች። ባሕሩ ዳር ስልክ እንደማይሠራ አውቃለሁና "ሰላም በይልኝ" ብዬ እዘጋለሁ።

እንግዲህ ያ ጠዋት መጣ። ጎህ ሲቀድ ነው ተኩሱ የተጀመረው። ሐጃ ሶላት ላይ ነበሩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ፍንዳታ፣ ከዚያ እንደ በቆሎ ቆሎ ተንጣጣ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ባይ በወንዙ በኩል፣ ወጣቶቹ በተቀመጡበት አቅጣጫ፣ ጭስ ተነሥቷል። ሰዓዳ እዚያ ናት። ደወልኩ፤ ተዘግቷል። እንደገና ደወልኩ፤ ያቺ የቴሌ ሴትዮ በዐረብኛ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ይህን ጊዜ ሁሉ ወፊቱ ጆሮዬ ላይ ትጮሃለች። "ዝም በይ እንስማበት!" ብዬ ጮህኩባት። ኢንተርኔቱም ተቆርጦ ነበር፤ መብራቱም ተከትሎት ሄደ።

ሮጬ ወረድኩ።

"ሐጃ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። እህቴ እዚያ ናት።"

"ወላሂ አልሰጥሽም። ሻሪዑን፣ መንገዱን ሁሉ፣ ዐስከር ሞልቶታል። ያገኙትን ነው የሚመቱት።"

"በጓሮ በጓሮ እሄዳለሁ።"

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ። ቢይዙሽ ማን ይጠይቅልሻል? ቁጭ በይ።"

ወደ ክፍሌ ገብቼ እዚያ ሴቶች የሚከናነቡትን ቶቤን ለበስኩ። ካስፈለገ አጥር እዘላለሁ ብዬ ቆርጬ ስወጣ ሐጃ ምንጣፉ ላይ ተዘርረዋል። ዓይናቸው ተገልብጧል፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

"ሩቅያ... አነ ተዕባና... ደግጡ... ደግጡ ተነሣብኝ..."

የደም ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ኪኒናቸውን የማቀብለው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ቶቤን አውልቄ ራሳቸውን በእርጥብ ጨርቅ አሰርኩ፤ በካርቶን አራገብኩ። ሲሻላቸው ተነሥቼ ወደ በሩ ሳይ "ወዬ... ሩቅያ..." ይላሉ። ቁጭ እላለሁ። ደግሞ እነሣለሁ፣ ደግሞ ያቃስታሉ። ቀኑ እንዲህ አለፈ። ጾም ላይ ነኝ፣ ሙቀቱ እሳት ነው፣ የእህቴን መኖርና አለመኖር አላውቅም፤ እኔ አሮጊት አራግባለሁ። ተቃጠልኩ ነው የምላችሁ።

በማግስቱ መብራቱ አልመጣም። መብራት ከሌለ የውሃው ሞተር አይሠራም፤ ያለን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ እሱም እያነባ ነው። ጨርቅ ይዤ ወጣሁና ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። ኩሬው ወዲያው ደረቀ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ልሞክር ስወጣ ወፊቱ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ አይደለም፤ ክንፏን ከፈት አድርጋ፣ አፏን ከፍታ እያለከለከች፣ ጥላ ሆናላቸው ቆማለች። ባልዋ ከደረቀው ኩሬ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ በፊት ሆዳቸውን ኩሬው ውስጥ እየነከሩ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ መጥተው እንቁላሉ ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ለካ ሌላው ወፍ እንቁላሉን ሲያሞቅ እነዚህ ያቀዘቅዛሉ። እኔ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ እነሱ ይታጠባሉ ብዬ እናደድ ነበር።

"እንግዲህ ሁላችንም እንቃጠል" አልኳት። ጥቂት ቆይቼ ግን ሳህን ውስጥ ውሃ ጨመርኩና ይዤ ቀረብኩ። ምስጋናዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በዚያ እሾኋ እጄን መታችኝ። ሳህኑ ተደፋ። በዚህ ጾም፣ በዚህ ውሃ እጦት! ደሜ ፈላና ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባት።

ወደቀች።

አንድ ክንፏ ተንጠልጥሎ መሬት ይጎተታል። ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ እየተንፏቀቀች "ጢይ... ጢይ..." ትላለች። በረመዳን የወፍ ክንፍ ሰበርኩ! "አስተግፊሩላህ፣ ነይ፣ ነይ ልይሽ" እያልኩ ተከተልኳት። ልይዛት ስል ትንሽ ትርቃለች፤ እንደገና ትወድቃለች። እንዲህ እያለች እስከ ጣሪያው ዳርቻ ወሰደችኝ። እጄ ጅራቷን ሊነካ ሲል ያንን የተሰበረ ክንፍ ዘርግታ ብር ብላ በረረች። በደህና ክንፍ! ዞሬ ሳይ እኔ ከእንቁላሎቹ ርቄ ዳርቻ ላይ ቆሜያለሁ፣ ባልዋ ዝም ብሎ እንቁላሎቹ ላይ ተቀምጧል።

የአባቴ ልጅ ሆኜ በወፍ ተሸወድኩ። ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው ግን ከታች ያሉት ሌላዋ ታማሚ ትዝ አሉኝ።

ጫማዬን ሳላደርግ፣ ድምፅ ሳላሰማ ደረጃውን ወረድኩ። ምንጣፉ ባዶ ነው። ሐጃ በቱል፣ በደግጥ ሊሞቱ የነበሩት ሴት፣ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው በአጥሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዘዋል። ድምፃቸው ከእኔ ይጎላል።

"ሐጃ፣ ተሻለዎት?"

ደንግጠው ከወንበሩ ወረዱ። እጃቸው በልማድ ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

"ሁለት ቀን አራገብኩዎት!" አልኩ። "እህቴ የት እንደወደቀች አላውቅም፣ እርስዎ በሕመም ይቀልዳሉ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉ እሳቸውም በቁጣ። "ደህና ከሆንኩ ትሄጃለሽ። ከታመምኩ አትሄጂም። የገዛ ልጆቼ እንኳ ስልክ የሚደውሉልኝ ስታመም ነው። ሌላ መያዣ የለኝም፣ ያ ቢቲ።" ከዚያ ሊያባብሉኝ ፈልገው ጨመሩ፤ "ደግሞም መዲና ደውላ ነበር። ለኢድ ይመጡልሻል፤ ምን ያስጨንቅሻል?"

እትዬ መዲና እዚህ ቤት ያስቀጠረችኝ፣ ካርቱም ሁለት የምትኖር የወሎ ሴት ናት፤ ለእኔም ለሰዓዳም እንደ እናት ነች።

"መቼ ደወለች? ምን አለች?"

"ትናንት፣ በእኔ ስልክ። 'መደወሌን እንዳትነግሪያት፤ በኢድ ጠዋት ራሳችን እንመጣለን' አለችኝ። ኸላስ፣ ይኸው ነው።"

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናንተ ሳልነግራችሁ ገብቷችኋል። ለሐጃ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። "እሷ ያለችው አትንገሪያት ነው እንጂ ሞተች አላለችም" ይሉኛል። በእሳቸው አገር ሰው ሲሞት ዋይታው ወዲያው ይነሣል፣ ሠፈሩ ይሰማል፣ በዚያው ቀን ይቀበራል። በእኛ አገር መርዶ ጠዋት በእግሩ ይመጣል። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ምግብ ይዘው፣ ፊታቸውን አስተካክለው ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ "ደህና ነው" ትባላላችሁ። በሐጃ ስልክ እትዬ መዲና ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሣም። መርዶ የያዘ ሰው ስልክ አያነሣም። በቃ፣ ተረጋገጠልኝ።

ሐጃ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው እጄ ላይ አኖሩት። "ይኸው፣ ሂጂ። አታልቅሽብኝ" አሉ። ስጡኝ ስል የነበረውን ቁልፍ መልሼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ወዴት ልሂድበት? ማታ ኢፍጣር አልወርድልኝ አለ፤ በውሃ አፈጠርኩ።

የኢድ ጠዋት ተክቢራው ከሩቅ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማል። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ሰዎቹ ሲመጡ ቀድሜ ላያቸው ብዬ ነው። ወፎቹ ያበዱበት ቀን ነበር። እንቁላሎቹ ተፈልፍለዋል። ጫጩቶቹ ገና ከመድረቃቸው በእነዚያ ረጃጅም እግሮቻቸው ጠጠሩ ላይ ይራመዳሉ፤ እናታቸው አንዴ ስትጮህ መሬቱ ላይ ልጥፍ ይሉና ጠጠር ይሆናሉ። አንደኛው ወላጅ ግቢው ሣር ላይ ወርዶ ከታች ይጠራቸዋል። ምን ነካው ይሄ፣ እንዴት ይወርዱለታል ብዬ በእሱም ተናደድኩ።

በመንገዱ ጫፍ ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። ፊት ፊት እትዬ መዲና ናት። ጡብና ድንጋይ እየተሻገሩ ይመጣሉ፤ ወጣቶቹ መንገዱን የዘጉበት ነው። አየኋቸው፤ የኢድ ልብስ አልለበሱም። እትዬ መዲና እጅ ላይ በጨርቅ የታሰረ ምግብ አለ። ሐጃ በሩን ከፈቱላቸው።

"ሩቅዬ! ኢድ ሙባረክ! የት ነሽ እንጂ?" አለች እትዬ መዲና። ሳቋ ከልክ በላይ ነው። እትዬ መዲና እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

"አልወርድም!" አልኩ ከላይ። እስካልነገሩኝ ድረስ እህቴ አልሞተችም።

"ነይ ውረጂ፣ የኔ ሆድ፤ ምግብ ይዘናል..."

"ክንፍሽን አትጎትቺብኝ!"

"ምን አለች?" አለች አንደኛዋ ሴት።

በዚህ መሐል አንዱ ጫጩት በአሸንዳው ቀዳዳ ሾልኮ ከጣሪያው ወረደ። እንደ ጥጥ ኳስ ነጥሮ እትዬ መዲና እግር ሥር ዱብ አለ። ሞተ ስል ተነሥቶ ሄደ። ሌላው ተከተለ፤ እሱም ዱብ።

"አዑዙ ቢላህ! ምንድነው ከሰማይ የሚወርደው!" ብላ ምግቡን ጣለች። ወፎቹ ሁለቱም በአናቷ ላይ ወረዱባት። በነጠላ ጫማዋ አየር እየመታች ስትሽከረከር ያ የውሸት ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። ያን ጊዜ ጮህኩባት።

"እትዬ መዲና፣ እውነቱን ተናገሪ! ሰዓዳን የት ቀበራችኋት?"

ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ቀበራችኋት? አፍሽ ቁርጥ ይበል! ማን ይቀብራታል? ቤቴ ተኝታለች!"

"ታዲያ አትንገሪያት ለምን አልሽ?"

"ብትሰሚ ሮጠሽ ትወጫለሽና ነዋ! መንገዱ ላይ ይተኮስ ነበር፤ አንቺን ደግሞ ከየት እንልቀም?"

"ስልክስ ለምን አላነሣሽም?"

"ባነሣልሽ ያስችለኝ ነበር? እነግርሽ የለ!"

ደስታ የሚቀድም ይመስላችኋል። እኔን ንዴት ነው የቀደመኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ የእትዬ መዲናን ትከሻ ይዤ ነቀነቅኳት፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሐጃም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረውን አለቀሱ። ቀጥሎ ቁልፉን አውጥተው "ያላ፣ ሂጂ፣ እይያት" አሉኝ፤ በሩ ክፍት መሆኑን ረስተውታል።

ካርቱም ሁለት በእግር ሄድን። ሰዓዳ እትዬ መዲና አልጋ ላይ እስከ አንገቷ ቶብ ለብሳ ተቀምጣለች። ስታየኝ ከት ብላ ሳቀች።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው? እኔ ምንም አልሆንኩም። ከሰሌና ብርጭቆዬ ነው የጠፋ።"

"ወላሂ በይ?"

መሐላውን ዘለለችው። "ኢድ ነው፣ ጠጪ እንጂ" ብላ ከአጠገቧ ያለውን የአብሬ መጠጥ ብርጭቆ አንሥታ ዘረጋችልኝ።

በግራዋ ዘረጋችልኝ።

እህቴን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የሐይቅ የእስላም ልጅ ለታላቅ እህቷ በግራ እጅ ብርጭቆ አታቀብልም፤ ተኝታም ቢሆን አታደርገውም። ብርጭቆውን ሳልቀበል ቶቡን ገለጥኩት። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በታች በካርቶንና በሻሽ ታስሯል። እጇ አብጦ የሌላ ሰው እጅ መስሏል።

"በዱላ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሐኪም ቤት ሄዶ የቀረ አለ ሲባል ፈራን።"

ያቺ የጣሪያዬ ወፍ ደህና ክንፏን የተሰበረ አስመስላ ጎተተችብኝ። ይቺ ደግሞ የተሰበረ ክንዷን ደህና አስመስላ ትስቅልኛለች። ሐጃ በሕመም፣ እትዬ መዲና በሳቅ። ሁሉም እኔን ሊያድን ነው፤ ሁሉም እኔን አሞኝቶ ነው። እንዴት እንዳናደደኝ ልነግራችሁ አልችልም። የሚያስጠላው ደግሞ አንዳቸውንም በክፋት መክሰስ አለመቻሌ ነው።

ልክ በዚያ ሰዓት የእትዬ መዲና ስልክ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ለኢድ።

እትዬ መዲና ስልኩን ከመስጠቷ በፊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰዓዳም በዓይኗ ለመነችኝ። "እማዬ ትሞታለች፣ እንዳትነግሪያት።"

"ሩቅያ? ልጄ? ካርቱም ሰው ሞተ ይላሉ፤ ደህና ናችሁ? ሰዓዳስ?"

"ደህና ነች" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አንገሸገሸኝ።

"እማዬ፣ ሰዓዳ አልሞተችም። ግን ቀኝ እጇ ተሰብሯል። ዱላ መቷት ነው። ከጎኔ ናት፤ እየሰማችሽ ነው። ሌላ የደበቅኩሽ ነገር የለም።"

እትዬ መዲና ራሷን ያዘች። እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ረጅም ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ።

"አንቺ ካልደበቅሽኝ" አለች በመጨረሻ፣ "እኔም ከበደኝ። ሩቅያ፣ አባትሽ መስጊድም ባሕርም አልሄደም። ከመኸሩ በፊት ነው ያረፈው። አገር ስትገቢ፣ ሰው ሰብስበን ልንነግርሽ ነበር።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጩኸቱ ወዳለበት ስሮጥ ነበር። ጭሱን፣ ተኩሱን፣ የሰዓዳን ስልክ። ዝም ያለው ቦታ ሐይቅ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ያስተማረኝን አንዲት ነገር በገዛ ሞቱ ላይ ሳልጠቀምባት ቀረሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ የሰዓዳ ክንድ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከዳነ በኋላ ነው። ሻይ አሁንም ትሸጣለች፤ ማንቆርቆሪያውን በግራዋ ታነሣና በቀኟ ደግፋ ታቀብላለች። ሐጃ ቁልፉን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅለውታል፤ ሲያማቸው "የእውነት ነው፣ ወላሂ" ይሉኛል። ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን እየነዱ ወደ ሜዳው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ጠጠሩ ላይ ሲቀመጡ ታንከሩን ሳስጠግን ለእነሱ ሳህን አስቀመጥኩ። አሁንም ይመቱኛል።

አንባቢዎቼ፣ መርዶን የሠሩት አባቶቻችን ሞኞች አይደሉም። ያዘነ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ፣ ስትወድቁ የሚይዝ እጅ በዙሪያችሁ እንዲኖር ነው የሠሩት። ግን እኛ ሰው አገር ነን። ሰብሳቢ የለንም፤ "ስትመጪ" የሚሉት ቀን መቼ እንደሚሆን አናውቅም። እኔ ለሞተ ሰው ስንት ወር ሙሉ ሰላምታ እልክ ነበር። ይህን በደል ማንም ክፉ ሰው አላደረሰብኝም፤ የሚወዱኝ ናቸው ያደረሱብኝ፤ ለዚህ ነው ንዴቱ እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ።

ስለዚህ አሁን ሐይቅ ስደውል፣ የሚያወሩልኝን ሰው ትቼ ስሙን የማያነሱትን ነው የምጠይቀው። "አጎትሽ መስጊድ ነው" ይሉኛል።

"ጥሩ" እላለሁ። "ስልኩን ይዛችሁለት ሂዱ፤ ሰግዶ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።"